አራስ ሲገባ ጥንቸሏ ትውጣ?

ቤት አራስ ሊገባበት ሲል ብዙ ነገር ከቦታው ይነሳል። ምንጣፉ ይታጠባል፣ መጋረጃው ይወርዳል፣ የገንፎው ዱቄት ይዘጋጃል፣ ቅቤው ይነጠራል። ቤቱ እንስሳ ያለበት ከሆነ ደግሞ በዚህ ሁሉ ግርግር መሀል "እሱስ?" የሚል ጥያቄ መምጣቱ አይቀርም። ውሻው ግቢ ስለሚያድር፣ ድመቷም እንደ ፈቀዳት ወጥታ ስለምትገባ ነገሩ ብዙ ጊዜ በዝምታ ይታለፋል። ጥንቸል ግን ቤት ውስጥ የምትኖር፣ ብዙ ሰውም ጠባይዋን በቅጡ የማያውቃት እንስሳ ናት። ስለዚህ ፍርዱ ፈጣን ነው፤ "ትውጣ!"

ጥንቸልን ማስወጣት ቀላል ነው። አንድ ካርቶንና አንድ ተቀባይ ይበቃል። ከእሷ ጋር አብሮ ምን እንደሚወጣ ማወቁ ነው የሚከብደው። በቅርቡ በቤተሰባችን የገጠመንን ላጫውታችሁ፤ ቤታችሁ ጥንቸል ባይኖርም የሚጠቅማችሁ ነገር አይጠፋውም።

የእህቴ ልጅ ሁለተኛዋን ልትወልድ ሰባተኛ ወሯን ስትይዝ፣ እናቷ ሊያርሷት ከደብረ ብርሃን መጡ። የመጀመሪያ ልጇ ስድስት ዓመቱ ነው። "ጥጤ" ብሎ ስም ያወጣላት ነጭ ጥንቸል አለችው፤ ዓመት ከመንፈቅ አብራው ኖራለች። የጥጤ የሽቦ ጎጆ የተቀመጠው ከሳሎን ወደ መኝታ ቤት በሚወስደው ኮሪደር ላይ ነበር። እትዬ ሻንጣቸውን እንኳ ሳያስቀምጡ አይተዋት "ይቺ ደግሞ እዚህ ምን ትሠራለች?" አሉ። በማግስቱ ስልክ ደወሉልኝ፤ "በጋዜጣ ስለ ልጅ አስተዳደግ የምትጽፊው አንቺ ነሽ፤ እስቲ መጥተሽ ንገሪያት።"

ሄድኩ። እትዬ አምስት ልጆች አሳድገዋልና ነገራቸው በዋዛ የሚታለፍ አልነበረም። ሦስት ምክንያት አቀረቡ፦ ጥንቸል ርኩስ ናት፣ በሽታ ታመጣለች፣ ሕፃኗን ትነክሳለች ወይም ትቧጭራለች።

ከመጀመሪያው እንነሳ። ጥንቸል በኦሪት ዘሌዋውያን ከማይበሉት እንስሳት ጋር ተቆጥራለች፤ የኦርቶዶክስ ምእመናንም ሥጋዋን አይበሉም። ይህ ግን የማዕድ ሥርዓት ነው። አህያም አይበላም፤ እህላችንን ግን ተሸክሞ ደጃችን ያደርሳል። ውሻም አይበላም፤ በራችንን ግን ይጠብቃል። ይህን ስላቸው እትዬ በአህያው ሳቁ። ሳቃቸው ስምምነት ነው ባልልም፣ አንዱ ምክንያት በሳቅ መሀል ቀለል አለ።

በሽታውን በሚመለከት ፍርሃታቸው ከፊሉ እውነት፣ ከፊሉ የሌላ እንስሳ ዕዳ ነው። ነፍሰ ጡር ሴት ከቤት እንስሳ ትጠንቀቅ ሲባል በዋናነት የሚታሰበው ቶክሶፕላዝማ የሚባለው ተሐዋሲ ነው። ይህን ከዓይነ ምድሯ ጋር የምታወጣው ድመት ናት፤ ለዚህ ነው ነፍሰ ጡር የድመት ዓይነ ምድር አታጽዳ የሚባለው። ጥንቸል ይህን በዓይነ ምድሯ አታስተላልፍም። በሌላ በኩል ጥንቸል ንጹሕ ናት ብሎ መዘናጋትም አይገባም። ከፀጉሯ ጭርትና ቆዳ የሚያሳክኩ ጥቃቅን ነፍሳት ወደ ሰው ሊተላለፉ ይችላሉ። አፏና ጥፍሯ ባክቴሪያ አያጣውም። ፀጉሯ፣ ምራቋና ሽንቷ፣ የምትበላው ድርቆሽ አቧራም ጭምር አለርጂ ያለበትን ሰው ሊያስነጥሱና ሊያስሉ ይችላሉ።

ሦስተኛውም እንዲሁ ግማሽ ነው። ጥንቸል አዳኝ አይደለችም፤ የምትታደን ናት። ሰው ላይ የምትዘምት ሳይሆን ሁሌ ማምለጫ የምትፈልግ እንስሳ ናት። ግን በድንገት ስትደነግጥ፣ በተለይ ስትያዝ፣ በኋላ እግሮቿ አጥብቃ ትራገጣለች፣ ትቧጭራለች። የአራስ ሕፃን ቆዳ ደግሞ ስስ ነው። ስለዚህ ሕፃንና ጥንቸል በአንድ ክፍል ውስጥ ለአንዲት ደቂቃም ብቻቸውን አይተዉም። በሩ ተንኳኩቶ ለመክፈት ብትነሱ፣ ከሁለቱ አንዷን ይዛችሁ ተነሱ። የቧጨረችው ቦታ ወዲያው በሳሙናና በሚፈስ ውሃ ይታጠባል። ማንኛውም እንስሳ ሕፃን ከነከሰ ደግሞ ቁስሉ ለ15 ደቂቃ ያህል በሳሙናና በውሃ ታጥቦ ወደ ጤና ጣቢያ መሄድ ነው።

እኛ ይህን ስንጨዋወት ልጁ ከሶፋው ኋላ ከመጫወቻው ጋር ነበር። አንድም ቃል አልተናገረም። ማታ እናቱ ልታስተኛው ስትገባ ግን ጠየቃት፤ "ጥጤ ከሄደች፣ ቀጥሎ የምሄደው እኔ ነኝ?"

የእህቴ ልጅ ይህን በስልክ ስትነግረኝ ድምጿ ተቆርጦ ነበር። ነገሩን በልጁ ዓይን ተመልከቱት። በዚያ ወር ብቻ ከእናቱ አልጋ ተነስቶ ከአያቱ ጋር ሳሎን ማደር ጀምሯል። የእሱ ትንሽ ቁምሳጥን በሕፃን ልብስ ተሞልቷል። "ተጠንቀቅ፣ የእናትህን ሆድ እንዳትነካ" በየሰዓቱ ይባላል። ከዚያ ደግሞ ከሕፃኗ በፊት በዚህ ቤት ትንሽ የነበሩት ሁለቱ፣ እሱና ጥጤ ናቸው። አንደኛዋ "ለሕፃኗ ስለማትመች" በካርቶን ከወጣች፣ ሌላው ተራው መቼ እንደሆነ ቢያስብ ምን ይገርማል? የስድስት ዓመት ልጅ እንዲህ ነው የሚያሰላው። ሕፃኗን ገና ሳያያት ባለዕዳ አድርገን ልናስተዋውቀው ነበር።

ይህን ለእትዬ የነገረቻቸው ልጃቸው ራሷ ናት። እሳቸውም ለጊዜው ዝም ካሉ በኋላ "እንግዲያው አራስ ቤት አትግባ፤ ከዚያ ውጪ እኔም ምን አገባኝ" አሉ። ይህ ቃላቸው የነገሩ ሁሉ መፍትሔ ሆነ። የአራስ ቤት ሥርዓታችንን ልብ ብላችሁ ካያችሁት፣ ሕፃን ከተወለደ በኋላ ያሉት ሳምንታት ተከልለው የሚያልፉበት ነው። ማንም ዘው ብሎ አይገባም። ሐኪምም ቢጠየቅ ለአራስ ሕፃን ክፍል ከዚህ የተለየ አይመክርም፤ እንስሳ ሕፃን ወደሚተኛበት ክፍል አይግባ፣ እንስሳውን የነካ እጁን ታጥቦ ሕፃን ይያዝ። በእኛ አገር ሕፃን ብዙ ጊዜ ከእናቱ ጋር ስለሚተኛ ሕጉ ለአልጋው ብቻ ሳይሆን ለመኝታ ቤቱ በሙሉ ነው። እትዬ በሥርዓት ያሉት፣ ሐኪም በምክንያት የሚለው ነው።

ሳይቃጠል በቅጠል እንዲሉ፣ ዝግጅቱ ከመውለጃዋ ሁለት ወር አስቀድሞ ተጀመረ። የመጀመሪያው ሥራ ቦታ መለወጥ ነበር። ጎጆዋ ከኮሪደሩ ተነስቶ ከኩሽና አጠገብ ወዳለው፣ ነፋስና ዝናብ ወደማይገባበት በረንዳ ሄደ። ጥንቸል ብርድ ትችላለች፤ ኃይለኛ ሙቀትና ቀጥተኛ ፀሐይ ግን ይጎዷታል። ይህ ለውጥ አስቀድሞ መደረጉ ጥቅም አለው። ጥንቸል የለመደችው ነገር በድንገት ሲለወጥ ትጨነቃለችና፣ ሕፃኗ በመጣችበት ቀን ሁለት ድንጋጤ አይደርስባትም። ልጁም ቢሆን "ጥጤን ያባረራት ሕፃኗ ናት" አይልም።

ሁለተኛው ጥፍሯን ማሳጠርና የኤሌክትሪክ ገመዶችን ማንሳት ነው። የጥንቸል ጥርስ ዕድሜዋን ሙሉ ያድጋል፤ ስለዚህ ሁልጊዜ የምታኝከው ትፈልጋለች። በቂ ድርቆሽ ከሌላት ገመድ ታኝካለች። አራስ ቤት ማሞቂያ የሚሰካ ሰው ይህን ያስብበት።

ሦስተኛው ድምፅ ነው። ጥንቸል ረጅም ጆሮዋ ለጌጥ አልተሰጣትም። የሕፃን ለቅሶ ለእሷ አዲስና አስደንጋጭ ነው። አባትየው በስልኩ የሕፃን ለቅሶ አግኝቶ፣ ጥጤ ስትበላ በጣም ዝቅ አድርጎ ያሰማት ጀመር፤ ቀን በቀን ጥቂት ከፍ እያደረገ። መጀመሪያ በኋላ እግሯ መሬቱን ደበደበች፤ ጥንቸል አደጋ አለ ስትል የምታደርገው ይህንን ነው። በሳምንቱ ግን ጆሮዋን ብቻ አዙራ መብላቷን ቀጠለች።

አራተኛው ጽዳት ነው። የጥንቸል ሽንት ይሸታል፣ ሲደርቅም ነጭ ቅርፊት ይሠራል። ብዙ ሰው ወዲያው በረኪና ይደፋበታል። ይህ አደገኛ ነው፤ በረኪና ከሽንት ጋር ሲገናኝ ለሳንባ ጎጂ ጋዝ ይወጣዋል። ቅርፊቱን የሚያስለቅቀው አቼቶ ነው፤ ከዚያ በሳሙናና በውሃ ማጠብ። አቼቶና በረኪናም ፈጽሞ አይቀላቀሉም። ከሥሯ የሚነጠፈው ሰጋቱራ ባይሆን ይመረጣል፤ ብናኙ ለእሷም ለሕፃኗም ጥሩ አይደለም። ጭድ ወይም የተቀዳደደ ጋዜጣ ይሻላል። ይህንንም ገጽ አንብባችሁ ስትጨርሱ ለዚህ ብታውሉት ቅር አይለኝም።

የመጨረሻው የሥራ ክፍፍል ነው። ማጽዳቱ የአባትየው ሆነ፤ ጠዋትና ማታ ድርቆሽና ውሃ መስጠቱ የልጁ። የስድስት ዓመት ልጅ እንስሳን ብቻውን ሊያስተዳድር አይችልም፤ ከኋላው የሚያይ ትልቅ ሰው ያስፈልገዋል። ግን "ይህ ሥራ የአንተ ነው" የሚባል ነገር በዚያ ሰሞን ለልጁ ከምንም በላይ ያስፈልገው ነበር።

ሕፃኗ በሰላም ተወለደች። እልልታው ቀለጠ፣ ገንፎው ተገነፋ፣ "እንኳን ማርያም ማረችሽ" የሚል እንግዳ ቤቱን ሞላው። ቡናው በየሰዓቱ ይፈላል፣ ዕጣኑ ይጨሳል። (ስለ ጭሱ አንድ ቃል ልበል። የአራስ ሕፃንም የጥንቸልም ሳንባ ጭስ አይወድም፤ ዕጣኑ ሁለቱም ከሌሉበት ክፍል ቢሆን ደግ ነው።) ከእንግዶቹ ጋር የመጡ ልጆች በረንዳ ወጥተው ጥጤን ዳቦና ብስኩት ሲያጎርሷት ዋሉ። ማን ያያል? ሁሉም ዓይኑ አራስ ቤት ነው።

በአራተኛው ቀን ምሽት ልጁ የአባቱን እጅ ጎተተ። "ጥጤ ጠዋት የሰጠኋትን አልበላችም። በጠጧም የለም።" አባትየው ድካም ላይ ነበር፤ "ነገ ትበላለች" ብሎ ሊያልፈው ሲል፣ ልጁ በዚያ ቤት ለመጀመሪያ ጊዜ ጮክ ብሎ አለቀሰ። አባትየው ባትሪ ይዞ ወጣ። ጥጤ ጥግ ይዛ ተኮራምታ፣ ሆዷ ተነፍቶ አገኛት።

ጥንቸል ያላችሁ ሁሉ ይህን ያዙልኝ። የጥንቸል አንጀት ሥራ ማቆም የለበትም። ከግማሽ ቀን በላይ ካልበላችና በጠጥ ካልጣለች፣ እስከ ነገ የሚቆይ ጉዳይ አይደለም፤ ልትሞት ትችላለች። ዳቦ፣ ብስኩትና ጣፋጭ ሆዷን ያበላሻሉ፤ ጭንቀትም እንዲሁ። ዋና ምግቧ ድርቆሽና ሣር ነው፤ ከዚያ ቅጠላ ቅጠል። ካሮት እንኳ ስኳር ስላለው በጥቂቱ ነው። አቮካዶ፣ ሽንኩርትና ነጭ ሽንኩርት ጭራሽ አይሰጣትም።

በዚያው ሌሊት የእንስሳት ሐኪም ዘንድ ደረሱ፤ በመርፌና በመድኃኒት ተረዳች፤ በሦስተኛው ቀን ድርቆሽ ነካች። በአገራችን አብዛኛው የእንስሳት ሐኪም ውሎው ከከብት፣ ከበግና ከዶሮ ጋር ነው። ስለዚህ ጥንቸል የሚያይ ሐኪም ማን እንደሆነ አስቀድማችሁ ጠይቁ፤ ስልኩንም ከሕፃኑ ሐኪም ስልክ ጎን ጻፉት። ያን ሌሊት ጊዜ የቆጠበው አባትየው ቁጥሩን ከወር በፊት መያዙ ነበር።

እትዬ ነገሩን ጠዋት ሰሙ። የልጅ ልጃቸውን ጠርተው አጠገባቸው አስቀመጡና እንዲህ አሉት፤ "በል እንግዲህ፣ እኔ እናትህን አርሳለሁ፤ አንተ ጥጤን እረስ።" ከዚያ ቀን ጀምሮ ለእናቱ ገንፎ ሲቀርብ ለጥጤ ድርቆሽ ይቀርባል። እትዬ ከአራስ ቤት ሲወጡ "የአንተዋስ በላች?" ይሉታል። እሱም ቆጥሮ ያስረዳል። በዚያ ቤት ሁለት አራሽ ሆነ።

ትውውቁስ? አልተቸኮለም። በመሀሉ የሕፃኗ አሮጌ ፎጣ ከጎጆው አጠገብ ይቀመጥ ነበር፤ ጥንቸል ሰውን አስቀድማ በሽታው ነው የምትለየው። ሕፃኗ በ80 ቀኗ ክርስትና ከተነሳች በኋላ፣ አንድ ጸጥ ያለ ቅዳሜ ጠዋት እናት ሕፃኗን ታቅፋ ሶፋ ላይ ተቀመጠች። ልጁ ምንጣፉ ላይ። ጥጤ ጎጆዋ ተከፍቶላት በራሷ እግር መጣች። የብርድ ልብሱን ጫፍ አሸተተች፣ ዞር አለች፣ የልጁ ጉልበት ሥር ሄዳ ተጋደመች። ይኸው ነው። አምስት ደቂቃ ያልሞላ ነገር።

ብዙ ቤተሰብ እዚህ ላይ ነው የሚሳሳተው። ጥንቸሏን አንስቶ ሕፃኑ ፊት ያስጠጋል፤ ፎቶ ለማንሳት ሕፃኑ አጠገብ ያስተኛታል። አታድርጉት። የሦስት ወር ሕፃን ጥንቸል ብታይም ባታይም የሚጎድልባት የለም። ትውውቁ የሚያስፈልገው ለታላቅየው ነው። ሕፃኗ የእሱን ነገር ልትወስድ እንዳልመጣች በዓይኑ የሚያየው ያኔ ነው።

ከባዱ ጊዜ ደግሞ ገና ይመጣል፤ ሕፃኗ መዳህ ስትጀምር። ያኔ ያገኘችውን ትጨብጣለች፣ ፀጉር ትጎትታለች፣ በጠጥ ለቅማ አፏ ትከታለች። የጥንቸል አከርካሪ በቀላሉ ስለሚሰበር፣ በአጉል አያያዝ ላይ ሳለች ከተራገጠች ሽባ ልትሆን ትችላለች። በጆሮዋም ፈጽሞ አትነሳም። ስለዚህ ከመዳህ ዕድሜ ጀምሮ በመካከላቸው የሚከፈትና የሚዘጋ መከለያ ያስፈልጋል፤ ጥንቸሏም ሕፃን የማይደርስበት መሸሸጊያ ይኑራት። ሕፃኗ ስትነካት እጇን የሚመራው የትልቅ ሰው እጅ ነው፤ በተዘረጋ መዳፍ፣ ከጀርባዋ ላይ፣ በቀስታ። ከዚያ እጅ መታጠብ።

ሁሉም ቤት ይህን ማድረግ ይችላል አልልም። ሕፃኑ ወይም ሌላ የቤተሰብ አባል አስም ወይም ከባድ አለርጂ ካለበት፣ ሕፃኑ ካለጊዜው ተወልዶ ሐኪም ልዩ ጥንቃቄ ካዘዘ፣ ቤቱ አንድ ክፍል ብቻ ከሆነና እንስሳዋን የሚለዩበት ቦታ ከሌለ፣ ወይም የሚንከባከባት ሰው ከጠፋ፣ ሌላ ቤት መፈለግ ለእሷም ይሻላል። ያን ጊዜም ቢሆን አወጣጡ ሥርዓት አለው። "ጠፋች"፣ "ድመት በላት" ብሎ ልጅን ማታለል አይገባም። እውነተኛውን ምክንያት ንገሩት፤ የምትሄድበትን ቤት አብሮ ይይ፣ የምትወደውን ምግብ ለአዲሶቹ ባለቤቶች እሱ ይንገራቸው፣ የሚጠይቃትም ቀን ይቆረጥለት። ከሕፃኑ መወለድ ብዙ ቀደም ብሎ ከሆነ ደግሞ የተሻለ ነው።

ለአያቶችም አንድ ነገር ልጨምር። አራስ ልትጠይቁ ስትገቡ፣ በሩ ላይ ቆሞ የሚያያችሁ ትንሽ ልጅ አለ። "እህት መጣችልህ፣ ደስ አለህ?" ብትሉት አፉ "አዎ" ይላችኋል። ከዚያ ይልቅ እሱ የሚጠብቀውን፣ የሚያሳድገውን ነገር ጠይቁት። ጥንቸል ትሁን ዶሮ፣ በቆርቆሮ የተከላት አበባም ትሁን። ረጅም መልስ ይሰጣችኋል።

በደንብ የተያዘች ጥንቸል ከ8 እስከ 12 ዓመት ትኖራለች። ጥጤ ዕድሜ ከሰጣት ልጁ ስምንተኛ ክፍል እስኪደርስ አብራው ናት። "ትቆይ" የሚል ወላጅ ይህን ሁሉ ዓመት ድርቆሽ ለመግዛትና ጎጆ ለማጽዳት ቃል እየገባ መሆኑን ይወቅ። "ትውጣ" የሚልም፣ ልጁ የተሰጠውን ምክንያት ከዚያም አልፎ እንደሚያስታውሰው ይወቅ።